ገልባጭ በኮሚቴ

ሐበሻ ቤት ሲገዛ ሚስቱን ያማክራል፤ መኪና ሲገዛ ጓደኞቹን ያማክራል፤ ገልባጭ ተሳቢ ሊገዛ ነው ከተባለ ግን ኮሚቴ ይቋቋምለታል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቤትና መኪና ሁሉም ስላለው ምክሩ ረክሷል። ሰሜን ቨርጂኒያ፣ ስካይላይን አጠገብ በምንሰበሰብበት ቡና ቤት ውስጥ ግን ገልባጭ ተሳቢ ያለው አንድም ሰው የለም፤ ማንም በሌለው ነገር ላይ ደግሞ ሁሉም እኩል ባለሙያ ነው።

እኔና ሽርካዬ እዚሁ የያዝናት ሥራ አለች። ሰው ቤቱን ሲያድስ የሚወጣውን ፍርስራሽ፣ ቤት ሲሸጥ ምድር ቤቱ ውስጥ ተከማችቶ የሚገኘውን ሶፋና ፍራሽ፣ ዛፍ ሲቆረጥ የሚወርደውን ቅርንጫፍ እየጫንን ወስደን እንጥላለን። አገር ቤት ስንደውል "ትራንስፖርት ዘርፍ ላይ ነን" እንላለን። ውሸት አይደለም፤ እናጓጉዛለን።

ገቢው ደህና ነው። ችግሩ ማራገፉ ነበር። ተራ ክፍት ተሳቢ ላይ ስትጭን ደንበኛው ቆሞ ያይሃል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ያቀብልሃል፣ ልጆቹም በመስኮት ያደንቁሃል። ስታራግፍ ግን ማንም የለም። ጠዋት አቅፈህ የሰቀልከውን የብረት መታጠቢያ ገንዳ ከሰዓት መልሰህ አቅፈህ ታወርደዋለህ። ሽርካዬ አንድ ቀን ወገቡን ይዞ ተሳቢው ጫፍ ላይ ተቀመጠና፣ "ስማ፣ እነዚህ ሰዎች ካሶኒው በራሱ የሚነሳ ነገር ሠርተው የለም እንዴ?" አለኝ። ሠርተዋል። ኮሚቴውም በዚያው ሳምንት ሥራ ጀመረ።

መቼስ አሜሪካ ዕቃ አታጣም። ገልባጭ ተሳቢ ከሣር ማጨጃ ትራክተር ኋላ ከምትታሰረው ትንሿ ጀምሮ ባለ ሦስት አክስሉ ድረስ በየዓይነቱ ተደርድሯል። ስማቸው ከሚነሳው ብዙዎቹ የሰሜን ምሥራቅ ቴክሳስ ልጆች ናቸው፤ ቢግ ቴክስና ዳይመንድ ሲ ከማውንት ፕሌዘንት፣ ፒጄና ሎድ ትሬል ከሰምነር። ለእኛ የሚቀርበው ብራይ-ማር ደግሞ ፔንሲልቬንያ፣ ቻምበርስበርግ ነው የሚሠራው። ስማቸውን ስዘረዝር በጽሞና ያዳመጡት ጋሼ፣ "የጣሊያን የለም?" አሉ። የለም ስላቸው የቀረውን ዝርዝር አልሰሙኝም።

ጋሼ የአሰብን መንገድ በጣሊያኑ ኤንትሬ የጭነት መኪና ከነተሳቢው የተመላለሱ ሰው ናቸው። ኮሚቴው ውስጥ ተሳቢ በእጃቸው ከነኩት ጥቂቶች አንዱ እሳቸው ናቸው፤ ስለዚህ ማንም አይሰማቸውም። የሚሰማው የሒሳብ ባለሙያው ነው። እሱ ደግሞ ለማንኛውም ጥያቄ መልሱ አንድ ነው፤ "ራይት-ኦፍ ታደርገዋለህ"፤ ከግብርህ ታስቀንሰዋለህ ማለቱ ነው። ዋጋው ከ10,000 ዶላር በላይ ነው? ራይት-ኦፍ። ጎማው ፈነዳ? ራይት-ኦፍ። ሰውየው ሲናገር መንግሥት ተሳቢውን ገዝቶ፣ በሪባን አስሮ፣ በር ላይ ያቆመልህ ይመስላል።

"ስንት ኩንታል ይጭናል?" አሉኝ ጋሼ።

"14,000 ፓውንድ ነው የሚለው፣ ጋሼ።"

"በሰው ቋንቋ ንገረኝ እንጂ ልጄ!"

ስልኬን አውጥቼ አካፈልኩ። ወደ 63 ኩንታል ተኩል መጣ። ጋሼ ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ይኸ ከነራሱ ነው፣ ያለ ራሱ?"

ከነራሱ ነው። እንግዲህ ብዙ ገዢ የሚሸወደው እዚች ላይ ነው። ሻጭ በትልቁ የሚጽፈው ቁጥር የጭነቱ አይደለም፤ የተሳቢውና የጭነቱ ድምር ነው። 14,000 የሚባለው ባለ 7 በ14 ጫማው ተሳቢ ባዶውን ራሱ ወደ 4,000 ፓውንድ፣ ማለትም 18 ኩንታል ገደማ ይመዝናል። የሚቀርልህ 45 ኩንታል ነው። ላሜራው በወፈረ፣ ስፖንዳው በረዘመ፣ መወጣጫና ሸራ በተጨመረ ቁጥር ባዶው እየከበደ፣ የሚጫነው እያነሰ ይሄዳል። "ጠንካራ የተባለውን ስጠኝ" ያለ ሰው ጥንካሬውን ራሱን ጭኖ ሲዞር ይኖራል።

"45 ኩንታል" አሉ ጋሼ፣ ቤቱን ዞር ዞር ብለው እያዩ። "ለዚህ ነው ይኸ ሁሉ ሰው የተሰበሰበው?"

ሽርካዬ ግን ልቡ የተሰረቀው በስፖንዳው ነው። ባለ 2 ጫማና ባለ 4 ጫማ ስፖንዳ አለ፤ እሱ ባለ 4ቱን ነው የሚፈልገው፤ "አንዴ ሞልተን አንዴ እንገላገላለን" ይላል። ሒሳቡን ቡና ቤት ናፕኪን ላይ ሠራነው። ባለ 2 ጫማው 5 ሜትር ኩብ ተኩል ያህል ይይዛል። አንድ ሜትር ኩብ አፈር ወደ 15 ኩንታል ነው፤ ዝናብ ከመታው ደግሞ ከዚያም በላይ። አጭሩን ስፖንዳ እንኳ ጢም አድርገህ አፈር ብትሞላው 80 ኩንታል አለፍክ ማለት ነው፤ የተፈቀደልህ 45። አፈር ከሆነ ግማሹ ላይ ስትደርስ አካፋህን ታስቀምጣለህ። ረጅሙ ስፖንዳ ለቅርንጫፍ፣ ለፍራሽ፣ ለካርቶን ነው፤ አየር ለሚጭን ሰው። ችግሩ ሰው ሆኖ የቀረ ባዶ ቦታ አይቶ ማለፍ የሚችል የለም። በተለይ እኛ። አዲስ አበባ አሸዋ በቢያጆ የገዛ ሰው ጭቅጭቁን ያውቀዋል፤ ካሶኒው አፉ ድረስ ካልሞላ ተጭበረበርኩ ብሎ ነው የሚጮኸው። እዚህ ግን የሚጮኸው ሚዛኑ ነው።

ኮሚቴው ሻጮች ጋ እንሂድ ሲል እኔ መጀመሪያ ቆሻሻ ማራገፊያ እንሂድ አልኩ። ሳቁብኝ፤ እኔም ብቻዬን ሄድኩ። ፌርፋክስ ውስጥ ዌስት ኦክስ መንገድ ላይ ያለው የአውራጃው ማራገፊያ ለዚህ ነገር ዩኒቨርሲቲ ነው። ሞልተህ ስትገባ ሚዛን ላይ ትወጣለህ፣ ባዶህን ስትወጣ ደግመህ ትመዘናለህ፣ ልዩነቱን ትከፍላለህ። በመካከል ደግሞ የሰው ሁሉ ተሳቢ ጉዱ ይወጣል። ሻጭ ቤት የሚታየው ቀለሙ ነው፤ ተሳቢ የሚታወቀው ሲያራግፍ ነው።

አንዱ ገባ። የሚያብረቀርቅ አዲስ ተሳቢ፣ የኋላ በሩ ከላይ ታጥፎ ከታች ብቻ የሚከፈት። ቁልፉን ሲጫን ካሶኒው ቀስ እያለ ተነሳ፤ ሣር፣ ቅጠል፣ የተሰባበረ ሸክላ እየተንሸራተተ ወረደ። ከዚያ አንድ አረንጓዴ ሶፋ መጣና በሩ ሥር ተጋደመ። ሰውየው ካሶኒውን ጨመር አድርጎ አነሳው። ሶፋው የበለጠ ተወተፈ። ዝቅ አደረገው፤ ሶፋው አልተመለሰም። ወርዶ በሬክ ነካው፤ በእግሩ ገፋው፤ ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ለሆነ ሰው ደወለ። ማን ጋ እንደሚደወል እግዜር ይወቅ። ከጎኑ ደግሞ አንዲት ሴትዮ አሮጌ ተሳቢዋን ይዛ ገባች። የእሷ በር እንደ ቁም ሳጥን ለሁለት የሚከፈት ነው። ክንፎቹን ዘርግታ ከጎን ከጎን አሰረች፣ ቁልፏን ተጫነች፣ ያለው በሙሉ ዱብ አለ፤ በመጥረጊያ ጠርጋ፣ በሩን ዘግታ፣ ሚዛኗን ተመዝና ወጣች። ሰውየው ገና ስልክ ላይ ነበር።

ከላይ የሚታጠፈው በር ፋይዳ ቢስ ነው ማለቴ አይደለም። ጠጠር በግቢ መንገድ ላይ በስሱ እየበተንክ መሄድ ከፈለግህ እሱን በሰንሰለት ትንሽ ከፍተህ ቀስ እያልክ ትነዳለህ፤ ባለ ሁለት ክንፉ በር እዚያ ላይ ምንም አይሠራም። ደግነቱ ሁለቱንም የሚሆን በር አለ፤ ሲፈልግ ከላይ የሚታጠፍ፣ ሲፈልግ ወደ ጎን የሚከፈት። ዋጋው ትንሽ ጨመር ይላል። ያንን ሶፋ ላየ ሰው ግን ውድ አይደለም።

ሌላም አየሁ። እርጥብ አፈር የጫነ ሰው ካሶኒውን ሲያነሳ አፈሩ ፊት ለፊቱ ላይ ተጣብቆ ይቀራል። ኋላው ባዶ፣ ክብደቱ ሁሉ ሰማይ ላይ። መሬቱ በአንድ በኩል ዘንበል ካለ ተሳቢው በጎኑ ሊተኛ ይችላል። እዚያ የሚሠሩት ሰዎች እንዲህ ያለውን ሲያዩ ምንም ሳይናገሩ ራቅ ብለው ይቆማሉ፤ ከዚያ የተሻለ ማስጠንቀቂያ አላየሁም።

ሻጭ ዘንድ የሄድነው ከጋሼ ጋር ነው። ሻጩ ወጣት፣ ከንፈሩ ላይ ፈገግታ የማይጠፋ፣ ሪሞቱን እንደ ፊልም ተዋናይ ከወገቡ መዝዞ የሚጫን ልጅ ነው። ካሶኒው ሲነሳ ሽርካዬ አጨበጨበ። ጋሼ ግን ከኮታቸው ኪስ የእጅ ባትሪ አውጥተው ጎንበስ አሉና ከሥር ያለውን ያዩ ጀመር። ጎናቸውን ይዘው ብየዳውን በጣታቸው ተከተሉ፤ ሻንሲውን አንኳኩ፤ ባሌስትራውን ቆጠሩ፤ የግሪስ አፎቹን አንድ በአንድ ነኩ። ከዚያ ቀና ብለው በአማርኛ፣ "መደገፊያው የታለ?" አሉት። እኔ ተርጎምኩ። ሻጩ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግታውን ትቶ አያቸው።

መደገፊያው ካሶኒው ተነስቶ ሳለ ሥሩ ገብተህ የምትሠራ ከሆነ እንዳይወርድብህ የሚቆም ብረት ነው። ፓምፕ ይደክማል፣ ጎማ ቱቦ ይፈነዳል፤ ብረት ግን ብረት ነው። ሻጩ ሄዶ ከጎን አጥፎ ያስቀመጠውን አሳያቸው። ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ሻጩ የሚያወራው ለእሳቸው ብቻ ሆነ። አማርኛ እንደማይችል ረስቶታል፤ እሳቸውም እንግሊዝኛ እንደማይሰሙ የረሱ ይመስለኛል።

ማንሻው ዓይነቱ ብዙ ነው። አንዳንዱ ከሥር ግራና ቀኝ ሁለት ፒስተን አለው፤ አንዳንዱ በአንድ ፒስተን የሚገፋ መቀስ የሚመስል ብረት አለው፤ ትልልቆቹ ደግሞ ከፊት እየተመዘዘ የሚረዝም ፒስተን ይተክላሉ። መቀሱን ወደድነው፤ ሲነሳ አይወላገድም። ሁሉንም የሚያንቀሳቅሰው በ12 ቮልት ባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ባትሪው ከደከመ የ10,000 ዶላር ተሳቢህ ተራ ተሳቢ ይሆናል፤ ወገብህም ወደ ጥንት ሥራው ይመለሳል። ሻጭ የማይነግርህ ደግሞ አወራረዱን ነው። አንዱ ፓምፕ ማንሳት ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ካሶኒው የሚወርደው በገዛ ክብደቱ ነው። ቨርጂኒያ በጥር፣ ዘይቱ በብርድ ወፍሮ ሳለ፣ ባዶ ካሶኒ እስኪወርድ ቆመህ መጠበቅ ነው። ሌላው ፓምፕ ግን ሲያነሳም ሲያወርድም ይገፋል። ጥቂት መቶ ዶላር የሚያስከፍለውን ይህን ነገር ኮሚቴው "ቅንጦት ነው" አለ። ኮሚቴው ጥር ላይ ውጭ አይቆምም።

ቀጥሎ የወለሉ ላሜራ መጣ። ሻጩ "ባለ 7 ጌጅ ልስጣችሁ ወይስ ባለ 10?" ሲል ሽርካዬ ደረቱን ነፍቶ፣ "10 ይሁንልን፤ ገንዘብ አናሳንስም" አለ። ሻጩ ጉሮሮውን ጠረገ። የላሜራ ቁጥር የሚሄደው ተገላቢጦሽ ነው፤ ቁጥሩ ሲጨምር ብረቱ ይሳሳል። 7ቱ 4 ሚሊሜትር ተኩል ያህል ነው፣ 10ሩ 3.4። ሽርካዬ በመመለሻችን መንገድ ሁሉ ስለ አሜሪካኖች ቁጥር አጻጻፍ ሲያማርር ነበር።

እስካሁን ያወራሁት ስለሚጎተተው ነው። የሚጎትተው ላይ ስንደርስ ነው ጉዳዩ የሃይማኖት ጉዳይ የሆነው።

ሽርካዬ ያለችው አሮጌ የቶዮታ ፒክአፕ፣ ቱንድራ ናት። ኮሚቴው ውስጥ ደግሞ ለቶዮታ ጥብቅና የቆመ አንድ ወንድማችን አለ፤ ራሱ የሚነዳው ሲዬና የተባለችውን የቤተሰብ መኪና ነው። ቱንድራ የተባለውን ሁሉ ትጎትታለች አለ። "ቶዮታ ተሳቢ የማይሠራው ለምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ከሌላው ጋር መወዳደር ስለማይፈልግ ነው" አለ። ማንም አልተቃወመውም፤ እኛ ዘንድ ቶዮታን መቃወም ነውር ነው።

እኔ ግን የሾፌሩን በር ከፈትኩና ደጃፉ ላይ የተለጠፈችውን ቢጫ ወረቀት አነበብኩ። የሰውና የዕቃ ክብደት በአንድ ላይ ከ1,400 ፓውንድ አይብለጥ ትላለች። አሁን አስቡት። ተሳቢ ሲታሰር ከክብደቱ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆነው በመጎተቻው ኳስ ላይ ያርፋል፤ ማለትም መኪናው ጀርባ ላይ። ያን ካላሳረፍክ ደግሞ ተሳቢው ኋላህ ጅራቱን ሲቆላ ይውላል። የ14,000 ፓውንድ ትንሹ 10 በመቶ 1,400 ነው። ይኸ ማለት ተሳቢው ሞልቶ ቱንድራዋ ላይ ከታሰረ በኋላ መኪናዋ ውስጥ ሾፌር መግባት የለበትም።

"ቶዮታ አሳንሶ ነው የሚጽፈው" አለ ጠበቃው።

"እሺ፣ አነስ ያለውን፣ 6 በ12 የሆነውን 9,990 ፓውንዱን እንግዛ" አለ ሽርካዬ። እሱም ቢሆን ኳሱ ላይ 1,200 ገደማ ሲያሳርፍ ለሰው የሚተርፈው 200 ነው። ሽርካዬ ብቻውን ከዚያ ይበልጣል፤ በስንት እንደሚበልጥ ሽርክናችን እንዳይፈርስ አልጽፍም።

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። "መጎተቱን ተዉት" አሉ፤ "መጎተት ምንም አይደለም። ጣርማ በርን ስትወርድ የሚያቆመው ማነው?" ቡና ቤቱ ለትንሽ ጊዜ ጸጥ አለ። እዚህ እንደ ጣርማ በር ያለ ቁልቁለት የለም ልላቸው ነበር፤ ግን ለ66 አውራ ጎዳና የመኪና ሰልፍም ፍሬን ያስፈልጋል። እነዚህ ተሳቢዎች በየጎማቸው የኤሌክትሪክ ፍሬን አላቸው፤ ፍሬኑን የሚያዘው ግን መኪናው ውስጥ ሾፌሩ አጠገብ የሚገጠም መቆጣጠሪያ ነው። እሱ ከሌለ ስድሳ ምናምን ኩንታሉን የምታቆመው በመኪናህ ፍሬንና በጸሎት ነው።

ባጭሩ ቱንድራዋ ተሸጠች። ሽርካዬ ያገለገለ ፎርድ ኤፍ-250 ገዛ። ገዝቶም ሁለት ቅዳሜ ቡና ቤቱ ደጃፍ አላቆመውም፤ ከጀርባ ባለው የዳቦ ቤት ፓርኪንግ ውስጥ ነበር የሚደብቀው። ጠበቃው ሲደርስበት አልተናገረውም፤ ትከሻውን ብቻ መታ መታ አደረገው፣ ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው።

ከዚህ በኋላ የሕጉ ነገር ነበር፤ በዚህ ላይ ኮሚቴው ውስጥ ያለ አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ሚናውን ተወጣ። መኪናውና ተሳቢው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ ተደምሮ 26,001 ፓውንድ ከደረሰና ተሳቢው ብቻውን ከ10,000 ከበለጠ ሲዲኤል የሚባለው የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ ያስፈልጋል። የእኛ ኤፍ-250 ላይ የተጻፈው 10,000 ነው፤ ከ14,000ው ጋር 24,000። ተርፈናል። ሽርካዬ መጀመሪያ የጎመጀለትን ከኋላ አራት ጎማ ያለውን ኤፍ-350 ገዝቶ ቢሆን ኖሮ ከተሳቢው ጋር ተደምሮ ልኩን ያልፍና እንደገና ትምህርት ቤት ይገባ ነበር። ግን እዚህም ወጥመድ አለ። ድምሩ ከ10,000 ፓውንድ ከበለጠና ለሥራ ከግዛት ግዛት ከተሻገርክ የፌዴራል የትራንስፖርት መለያ ቁጥርና ለሾፌሩ የሐኪም ወረቀት ትጠየቃለህ። ሌላ ቦታ ቢሆን ችግር የለም፤ እኛ ግን ቡና አሌክሳንድሪያ ጠጥተን፣ ሶፋ ሲልቨር ስፕሪንግ ጭነን፣ ዲሲ ላይ የምንከሰስ ሰዎች ነን። ፖቶማክን ሳይሻገር የሚውል ሐበሻ አላውቅም። ቁጥሩን አወጣን።

ይኸ ሁሉ ሲሆን የሽርካዬ ባለቤት አንድም ቀን አልተናገረችም። ውሉን ልንፈርም በዋዜማው ማታ፣ እራት ላይ፣ ወጡን እያወጣች፣ "የት ነው የምታቆሙት?" አለች።

እርስ በርሳችን ተያየን። ፓውንዱን በኩንታል፣ ኩንታሉን በሜትር ኩብ ያካፈልን ሰዎች ነን። ሽርካዬ የሚኖረው የቤት ባለቤቶች ማኅበር ባለበት ሰፈር ነው። እነዚህ ሰዎች የበርህን ቀለም ደፈር ካደረግከው ደብዳቤ የሚጽፉ ናቸው፤ ቆሻሻ ማጠራቀሚያህን ማታ ሳታስገባ ካደርክ ደብዳቤ የሚጽፉ ናቸው። 14 ጫማ ጥቁር ገልባጭ ተሳቢ ቢያዩ ደብዳቤው በፖስታ ሳይሆን በሽማግሌ ነው የሚመጣው። መንገድ ዳር ማቆምም አይፈቀድም። እሷ ግን አስቀድማ አስባበታለች፤ ቤተ ክርስቲያን የምታውቃቸው ሰዎች ሎርተን አካባቢ ሰፊ ቅጥር አላቸው፣ በወር ኪራይ ይሰጧችኋል አለች። ኪራዩንም ተነጋግራ ጨርሳለች። ኮሚቴው ሳያውቅ።

እናም ገዛን። 7 በ14፣ 14,000 ፓውንድ፣ እያንዳንዳቸው 7,000 የሚሸከሙ ሁለት አክስል፣ ባለ 2 ጫማ ስፖንዳ፤ ቅርንጫፍ ስንጭን ጣውላ እየሰካን የምናስረዝመው። በሩ ሁለቱንም ዓይነት የሚሆነው። ፓምፑ ሲያወርድም የሚገፋው፣ ለጥር ስንል። ወለሉ ደግሞ ባለ 10 ጌጅ። እኛ ቋጥኝ አንጭንም፤ ወፍራሙን ላሜራ ጭነን ከምንዞር ክብደቱን ለዕቃው ብናደርገው ይሻላል ብለን ነው። ሽርካዬ አሁን ከመጀመሪያውም 10 ማለቱ አውቆ እንደነበር ለሰው ሁሉ ይናገራል።

ሻጩ "ተከራይታችሁ ቀስ በቀስ የራሳችሁ አድርጉት" የሚል ውል ነበረው፤ ክሬዲት አይጠይቅም፣ ወለድም የለውም ይባላል። ወርኃዊው ክፍያ በክፍያው ወራት ሲባዛ ሁለተኛ ተሳቢ ይገዛ ነበር። ተውነው። እቁባችን ሊወጣልኝ ተራዬ ሩቅ ነበር፤ አንዲት የእቁብ እህታችን ዕጣዋን አስቀደመችልኝ። እግዜር ይስጥልኝ ብያለሁ፤ እሷ የጠየቀችውንም ከታች ትሰሙታላችሁ።

ወደ ሎርተን የወሰድነው ቀን ቅጥሩ ውስጥ ወደ ኋላ ማስገባት ነበረብን፤ በአንድ አጥርና በአንድ የዛፍ ግንድ መካከል። ተሳቢ ወደ ኋላ ሲሄድ መሪህን ወደ ቀኝ ካልከው እሱ ወደ ግራ ይሄዳል። ሽርካዬ ሞከረ፤ ተሳቢው መኪናውን ሊያቅፍ ዞረ። እኔ ከውጭ ሆኜ "ና፣ ና፣ ና" እላለሁ፤ የከባድ መኪና ሾፌሩ በስልክ ቪዲዮ ሆኖ መመሪያ ይሰጣል። ጋሼ ከኋላ መቀመጫ ወረዱ፤ "ውረድ ልጄ" አሉት። ፎርዱ ላይ ወጡ፣ መስታወቱን አስተካከሉ፣ መሪውን ከታች በኩል ያዙና አንድ ጊዜ ሳይመለሱ ሰክተውት ወረዱ። "ቶዮታ ቢሆን ይቀል ነበር" የሚል ድምፅ ከስልኩ ውስጥ ተሰማ። ጠበቃው እዚያም ገብቷል።

አሁን የምጽፈው ስለ ኮሚቴው ቀጣይ ሥራ ነው። አባሎቹ የምክራቸውን ዋጋ መሰብሰብ ጀምረዋል። የሒሳብ ባለሙያው ጓሮውን ሊያነጥፍ ነው፤ ጠጠር ማምጫ ይፈልጋል። የእቁብ እህታችን ምድር ቤቷ በጎርፍ የራሰ ምንጣፍ ሞልቶታል። የከባድ መኪና ሾፌሩ እንኳ አምሳ ምናምን ጫማ ተሳቢ በየቀኑ እየነዳ የእኛን 14 ጫማ ለቅዳሜ ፈልጎታል። ጋሼ ምንም አልጠየቁም፤ እሳቸው ቅዳሜ ቅዳሜ መጥተው ግሪስ ይቀባሉ።

ትናንት ማታ ጠበቃው ደወለልኝ።

"ያቺን ነገር ለነገ ትሰጠኛለህ? ጓሮ ትንሽ አፈር ነበረኝ።"

"ትንሽ ስንት ነው?"

"ትንሽ ነው ባክህ። ካሶኒው እስኪሞላ ብቻ።"

"ፎርዱ ነገ ሥራ ላይ ነው፤ በምን ትጎትተዋለህ?"

"በሲዬናዬ ነዋ! ቶዮታ አይደለች እንዴ!"